የማይቆም የዳቦ ማሽን

ባለቤቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዳቦ ስትጋግር ኖራለች። ከዚያ ሁሉ ቅዳሜ ስንቱን በዓይንህ አይተሃል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ አንዱንም አላየሁም ብዬ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለኝም። ቅዳሜ የሰዓት ሠሪ ቀን ነው። ሰው ወደ ኋላ የቀረ ሰዓቱን ሳምንቱን ሙሉ በኪሱ ይዞ ሲዞር ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ጠዋት የሱቄ በር ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ እኔ ከቤት ስወጣ እርሷ በሰማያዊው ሳፋ ላይ ዱቄት ስትነፋ ትቀራለች፤ ማታ ስመለስ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል። በመካከሉ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። አለማወቄንም አላውቅም ነበር።

ዳቦው ሲቆረጥ ግን ቀርቼ አላውቅም። ባለቤቴ ቢላዋውን ከማሳረፏ በፊት ዳቦውን ከጎኑ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። ጣቷን ስታነሣ የጎደጎደው ቦታ ቀስ እያለ ተመልሶ ይሞላል። ያን ስታይ «ተነሥቷል» ትላለች፤ ለማንም አይደለም የምትናገረው። ከዚያ ዳሩን ትቆርጥና ለእኔ ትሰጠኛለች። የዳቦ ዳር እንደምወድ የነገርኋት በተጋባን ሰሞን ነው፤ ሁለተኛ መናገር አላስፈለገኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት የሁለቱም እጆቿ አንጓ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒት ጽፎላት ሲያሰናብታት፣ «ሊጥ ማሸት ግን ከእንግዲህ የለም፣ እናቴ» አላት። እኔም በዚያው ሰሞን ዓይኔ ስለደከመ ሱቁን ዘጋሁ፤ የሥራ ጠረጴዛዬን ወደ ጓዳው መስኮት አዛወርሁት። ቅዳሜ ቤት መዋል በጀመርሁበት ጊዜ የቅዳሜው ዳቦ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት መግዛት ጀመርን። የተገዛውን ሁሉ የምቆርጠው እኔ ነበርሁ። እርሷ ቢላዋውን አልነካችም፤ በጣቷም ጫን አላደረገችም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃት፣ «የሰው ዳቦ ነው፤ ተነሣ አልተነሣ እኔን ምን አገባኝ?» አለችኝ። ሰማያዊውን ሳፋ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያው ታወርደዋለች፤ ታጥበዋለች፤ አድርቃ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ባዶ ሳፋ ምን አቆሸሸው ብዬ ልጠይቅ አፌ ድረስ መጥቶ መልሼዋለሁ።

ልጃችን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። በአንድ እሑድ ትልቅ ካርቶን አቅፋ መጣችና ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ እዪ። የሥራ ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ፤ አሮጌ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ እርሾውን ትጨምሪበታለሽ፤ ክዳኑን ትዘጊና አራት ሰዓት ያህል ረስተሽው ትቀመጫለሽ። ራሱ ያሻል፣ ራሱ ይጋግራል። ሲጨርስ ይጮኻል።»

«ሲጨርስ የሚጮኽ ከሆነማ አባትሽን መሰለ» አለች ባለቤቴ። ይሁን እንጂ እጇ ካርቶኑን እየዳበሰ ነበር።

«መመሪያው ይኸውልህ፣ አባባ። አደራህን፣ አንብበው።»

«እኔ ማሽን አነባለሁ እንጂ ስለ ማሽን የተጻፈ አላነብም» አልኋት። ይህ አነጋገር ከዚያ ወዲህ በቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ተደግሟል፤ በእኔ አፍ ግን አይደለም።

መመሪያው ቀጭን መጽሐፍ ነበረ። የሥራ ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጭር በመሆኑ፣ ሁለት አጥፌ ከሥሩ አስገባሁት። ውፍረቱ ልክ ነበር።

በነጋታው ሞከርነው። ባለቤቴ መለኪያውን በሁለት እጇ ይዛ ዱቄቱን አፈሰሰች፤ የእርሾውን ጠርሙስ ክዳን እኔ ከፈትሁላት። ማሽኑ በሆዱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መቅዘፊያ እያዞረ ሊጡን ጧ ጧ ያደርገው ጀመር። ባለቤቴ በክዳኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አሻግራ እያየች ፈገግ አለች። እንዲህ ስትል ካየኋት ዓመት አልፎኝ ነበር። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ማሽኑ ጸጥ አለ።

«ቆመ» አልሁ።

«ምናልባት እኮ…»

«ዝም በይ እስቲ፣ እሜቴ።» ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አሳረፍሁ፤ የሰዓት ልብ እንደማዳምጥ አዳመጥሁ። አንዳች ነገር አይንቀሳቀስም። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። በሙያዬ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ መሄድ የሚገባው ነገር ከቆመ ተበላሽቷል። ስለዚህ ከኤሌክትሪኩ ነቀልሁት። ሊጡም ተጣለ።

ማሽኑን ወደ ጓዳ ወስጄ ገለበጥሁት፤ ሰባት ብሎኖች ፈትቼ ከፈትሁት። ሆዱ ውስጥ ያገኘሁት ነገር ደስ አሰኘኝ፤ ሥራው ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት የራቀ አልነበረም። አንድ የነሐስ ክብ ቀስ እያለ ይዞራል፤ በክቡ ጠርዝ ላይ አንዲት የብረት ምላስ ትሄዳለች። ምላሷ ጠርዙ ላይ እስካለች ድረስ ሞተሩ ይሠራል። ሌላ ሁለተኛ ክብ ደግሞ አለ፤ እርሱ በመጨረሻ ላይ ሞተሩን ዘግቶ ማሞቂያውን ይከፍታል። የመጀመሪያው ክብ ጠርዝ ሦስት ቦታ ላይ ጎድጉዶ ነበር። ምላሷ እዚያ ላይ ስትደርስ ትወድቃለች፤ ሞተሩም ይቆማል።

«አገኘሁት!» ብዬ ወደ ወጥ ቤት ጮኽሁ። «ነሐሱ በዕድሜ ብዛት ተበልቷል!»

አንድ ጎድጓዳ ጠባብ፣ ሁለተኛው ሰፋ ያለ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም የሰፋ ነበር። ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ንጹሕ ነበር። በመልበስ የተበላ ብረት እንዲህ ያለ ንጹሕ ጠርዝ እንደማይኖረው አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እርሱን ነው። ነገር ግን ሙያዬን የተማርሁት ራሴን በራሴ አስተምሬ ስለሆነ፣ አጠገቤ ቆሞ «ቆይ እስቲ» የሚለኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። መበየጃዬን አግዬ ሦስቱንም ጎድጓዳዎች በቀለጠ የብየዳ ሊድ ሞላኋቸው፤ በደቃቁ ሞረድ ሞርጄ አለሰለስኋቸው። በጥፍሬ ብሄድበት አላደናቀፈኝም። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ንጹሕ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ይህን የምለው ለመመካት አይደለም።

ቅዳሜ ደረሰ። ማሽኑ ሥራውን ጀመረ፤ ሰባት ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ፤ አንድ ሰዓት አለፈ። አልቆመም። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በወጥ ቤቱ ውስጥ እመላለስ ነበር።

«እየው እንግዲህ፣ እንደ ባቡር!»

ባለቤቴ በመስታወቷ እያየች ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ሊጡን የሚያሳርፈው መቼ ነው?»

«ማሽን እኮ እንደ ሰው አይደክመውም፣ እሜቴ። ዕረፍት አያሻውም።»

«እኔ ያልሁህ ስለ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ይሁን። ስለ ማሽን አንተ ታውቃለህ።»

ማሽኑ ጨርሶ ጮኸ። ከውስጡ የወጣው ቁመቱ አራት ጣት የማይሞላ፣ ላዩ የተሰነጠቀ፣ ድፍን ነገር ነበር። ባለቤቴ አውራ ጣቷን ጎኑ ላይ አሳረፈች። ምንም አልጎደጎደም፤ ስለዚህ የሚመለስም አልነበረም። «እርሾው አሮጌ ነው» አለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ አዲስ እርሾ ገዛን፤ ያው ሆነ። «ውሃውን አብዝቼበት ይሆናል» አለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ውሃውን በክርኗ ለክታ፣ ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ነፍታ፣ ጨውን በቁንጥር ቆጥራ ጨመረች። መለኪያው ለእጇ ቢከብድም አግዘኝ አላለችኝም። ያን ቀን የወጣው ከሦስቱም የከፋ ነበር። በዚህ ጊዜ በጣቷ ጫን አላደረገችውም። ስልኩን አንሥታ ልጃችን ዘንድ ደወለች።

«ነገ ስትመጪ ማሽንሽን ትወስጂዋለሽ… የለም፣ የማሽኑ ጥፋት አይደለም፤ እርሱንማ አባትሽ አስተካክሎታል፣ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ። እጄ ብቻ መስሎኝ ነበር የሄደው፤ ለካ ልኩም ከራሴ ጠፍቷል… አይ፣ ሁለተኛ አልሞክርም። ሰማያዊውንም ሳፋ አብረሽ ውሰጂው። መደርደሪያ አጣብቦ ከሚቀመጥ አንቺ ልብስ ዘፍዝፊበት።»

ሳፋውን አውርዳ በሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አንጀቴን በላችው። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት እንኳ ሐሳቤ የሄደው ወደ ዱቄቱ ነበር። ማሽኑ ይሠራል፤ ባለቤቴ ሙያዋን ታውቃለች፤ እንግዲህ የቀረው ዱቄቱ ነው። ዱቄቱን ደግሞ የገዛነው ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት ነው። ሦስተኛውን ዳቦ በከረጢት ከትቼ ወጣሁ።

ዳቦ ቤቱ ከሰዓት በኋላ በሚጋገረው ትኩስ ዳቦ ምክንያት ሰልፍ ነበረበት። ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት የለበሰ፣ ድምፁ ከምድጃው በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ሰፈሩ በሙሉ በቅጽል ስም እንደሚጠራኝ እርሱም ጠራኝ።

«ጋሽ ደቂቃ! ምነው፣ የጠዋቱ ዳቦ አለቀብዎት?»

«ዳቦ ይዤ ነው የመጣሁት» አልሁና ከከረጢቱ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁት። ሲያርፍ ያሰማው ድምፅ ከዳቦ የሚጠበቅ አልነበረም።

«ውይ፣ ባንኮኒውን!» አለች ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ። ሰልፉ ሳቀ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ዱቄትህ ነው» አልሁት። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በዱቄትህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ ዳቦ አልተነሣም።»

«የእኔ ዱቄት?» ክንዶቹን ወደ ሰልፉ ዘረጋ። «ስሙ እንጂ ጎበዝ! እናንተስ የምትበሉት ከየት ጆንያ ወጥቶ ነው?» ከዚያም ጥርስ ያለውን ትልቅ ቢላዋ አምጥቶ ዳቦዬን ገዘገዘው፤ ሁለት ጊዜ አርፎ ነው የጨረሰው። ቁራጩን ወደ መብራት አነሣ። «ማን ነው የጋገረው? እትዬ ናቸው?»

ዝም አልሁ። መልሱ «ማሽን» የሚል አንድ ቃል ነበር፤ ከአፌ ግን አላወጣሁትም።

«አይ ዕድሜ!» አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የእሳቸው ዳቦ እኮ ደረጃውን ስወጣ ነበር የሚሸተኝ።»

ዳቦ ጋጋሪውም ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ይህ ከሳቁ ይልቅ ጎዳኝ። «ይዩት፣ ጋሼ። አንዲት ቀዳዳ የለውም። ይሄ ሊጥ ዱቄቱም እርሾውም ደኅና ነው፤ አላረፈም እንጂ። ሲታሽ ሲታሽ ቆይቶ ትንፋሽ ሳይወስድ እሳት ገባ።»

«ማረፍ ስትል?»

«መተው ነዋ! ያሹትና ይተዉታል። መልሰው ያሹትና ይተዉታል። ቅርጽ ሲይዝ ደግሞ አንዴ ይተዉታል፤ እዚያ ላይ ነው ነፋ የሚለው። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ረዘም፣ በመጨረሻ በጣም ረዘም ያለ። እትዬ ይሄን ይረሳሉ ብዬ አልጠብቅም ነበር።»

«ሦስት ጊዜ» አልሁ።

«ሦስት ጊዜ።»

ጠባቡ ጎድጓዳ፣ ሰፋ ያለው፣ ከሁለቱም የሰፋው። በጥፍሬ የሄድሁበት ለስላሳ ሊድ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ዳቦውንም ከረጢቱንም ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «ጋሽ ደቂቃ፣ ጡብዎን ረሱ!» የሚል ድምፅ ተከተለኝ።

ቤት እንደገባሁ በቀጥታ ወደ ጓዳ ሄጄ ተንበረከክሁ፤ መመሪያውን ከጠረጴዛው እግር ሥር መዘዝሁት። ጠረጴዛው ዘመም አለ። የብሎኖች ማስቀመጫ ጠርሙሴ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። እኔ ግን እያነበብሁ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማሽኑ በሥራ መካከል ሦስት ጊዜ ይቆማል። ይህም ሊጡ የሚያርፍበትና የሚነፋበት ጊዜ ነው። ብልሽት አይደለም።» የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት በደማቁ ተጽፈዋል። የጻፈው ሰው እኔን ሳያየኝ ያወቀኝ ይመስለኛል።

ነገሩን ዝም ብዬ ማስተካከል እችል ነበር። ሊዱን አቅልጦ ማውጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ነገር ግን ሳፋው በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ እርሷም ሁለተኛ አልሞክርም ብላለች። የተስተካከለ ማሽን በልጃችን እጅ ከቤት ቢወጣ ለእርሷ ምን ይጠቅማታል? ይህን እያሰብሁ ሳለሁ በሩ ላይ ቆማ አየኋት።

«ምን ወደቀ?»

«አንቺ አይደለሽም» አልኋት ከወለሉ ላይ ሳልነሣ።

«ምኑ?»

«ዳቦው። ዱቄቱም አይደለም፣ እርሾውም አይደለም፣ እጅሽም አይደለም። እኔ ነኝ።» ገጹን ከፍቼ ሰጠኋት።

መነጽሯን አጠለቀች። ሦስቱን መስመሮች በጣቷ እየተከተለች አንድ ጊዜ አነበበች፤ መልሳ አነበበች። ከዚያ ማሽኑን፣ ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ጠይቄህ ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ሦስት ቅዳሜ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እጄን እንደ ሌባ እጅ ሳየው ነበር።»

ዳቦ ቤት ውስጥ የሆነውንም ነገርኋት፤ ስሟ ሲነሣ ዝም ማለቴን ጭምር። ይህን ከመመሪያው ይልቅ ለረጅም ጊዜ አሰበችበት። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተነሥቼ ክንዷን ስይዛት ግን ስትስቅ አገኘኋት። ዕንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

«በየድኸው?» አለች። «የሊጡን ማረፊያ በየድኸው?»

«ሞረድሁትም» አልሁ።

«እሰይ የእኔ ባለሙያ!» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ስማኝ። ነገ ጠዋት ይሄን ታስተካክላለህ። እኔ እጋግራለሁ፤ አንተ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ አትነሣም፣ አትነካም፣ ጆሮህን አትደቅንም። ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤት ትሄዳለህ፤ ሰልፉ ሲረዝም ጠብቀህ።»

«ሰልፉ ሲረዝም?»

«ሲረዝም።»

እሑድ በማለዳ ሰባቱን ብሎኖች ፈታሁ። መበየጃው ሲግል ባለቤቴ ባትሪውን አብርታ ያዘችልኝ፤ አንጓዋ ቢያብጥም ብርሃኑ አልሳተም። ሊዱ እንደ ዕንባ እየተንከባለለ ወጣ። ንጹሖቹን ጠርዞች በወረንጦ ጫፍ ጠራርጌ ሳበቃ ሦስቱ ጎድጓዳዎች ተመለሱ። የሠራቸው ሰው ለካ ጎበዝ ነበር።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ጀመረ። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ጸጥ አለ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ክዳኑ ተንቀሳቀሰ።

«ቁጭ በል።»

ቁጭ አልሁ። እርሷ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰገነት ላይ አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል። ማሽኑ ዝም እንዳለ ነው። በሙያዬ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ ዝም ብዬ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሰውነቴን ሁሉ አሳከከኝ።

«በዚህ ሰዓት ምን ታደርጊ ነበር?» አልኋት። «ድሮ፣ በእጅሽ ስትጋግሪ።»

«ምንም።»

«ምንም?»

«በሳምንት ውስጥ ምንም የማላደርግበት ሰዓት እሱ ብቻ ነበር። ልጅቷም ብትጠራኝ፣ ጎረቤትም ብታንኳኳ፣ ሊጥ አሳርፌ ነው እላለሁ። ማን ተነሺ ይለኛል? ሊጡ ሲያርፍ እኔም አርፋለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ዳቦው ብቻ መስሎህ ነበር የናፈቀኝ?»

አዎን፣ ዳቦው ብቻ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ስኖር በዚህች ወንበር ላይ የሚሆነውን አላወቅሁም። ማሽኑ ተነሣ፤ ጥቂት አገላበጠ፤ እንደገና ቆመ። በዚህኛው ጊዜ አላሳከከኝም። ሦስተኛው ዕረፍት ረጅም ነበር። በመስታወቷ ውስጥ ሊጡ ከግድግዳው ጋር እየተሻሸ ሽቅብ ሲመጣ አየሁ፤ እንቅስቃሴው እንደ ሰዓት ረጅም እጅ ነው፤ ሲሄድ አይታይም፣ መለስ ብለው ሲያዩት ግን ሄዷል። ባለቤቴ ዓይኗን ከድና ነበር። እኔም ምንም ሳላደርግ ተቀምጬ ቆየሁ፤ ደስ የሚል ነገር ነው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ልጃችን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። ሽታው በሩ ላይ አቆማት፤ ከዚያ ሳፋው መደርደሪያው ላይ መመለሱን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ? እማዬ፣ እኔ እኮ ለዚህ ማሽን ብዬ የሰው መኪና ለምኜ ነው የመጣሁት!»

«መኪናውን መልሺ» አለቻት እናቷ። «የሚሄድ ዕቃ የለም። አባትሽን ጠይቂው።»

ነገርኋት። ምንም አልደበቅሁም። ልጄ አድምጣ ስትጨርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ድምፅዋን እንደ እኔ አወፍራ፣ «እኔ ማሽን አነባለሁ እንጂ…» ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ጠረጴዛህስ አሁን ምን ይደገፍ፣ አባባ? ያኛው ጡብ ዳቦ ከተረፈ እሱን አስገባበት፤ ቢያንስ አይሰበርም።»

«እህል እግር ሥር አይገባም» አለች ባለቤቴ ቆጣ ብላ። «እንጨት ቆርጦ ይጠግነው። የሰፈሩን ሁሉ ሰዓት ሲጠግን የገዛ ጠረጴዛውን ረስቶ።»

ማሽኑ ጮኸ። ክዳኑን ከፈትሁላት፤ በጨርቅ ይዤ ገለበጥሁት። ዳቦው ወጥቶ በነጩ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ፤ ቁመቱ ስንዝር ያህል ነበር፤ ላዩ የቡናማ ቆዳ ቀለም ይዟል። እስኪበርድ ጠበቅን፤ መጠበቅ እየቀለለኝ ሄዷል። ከዚያ ባለቤቴ ቀረበች፤ ያበጠውን አውራ ጣቷን ከጎኑ ጫን አደረገችበት፤ አነሣችው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። የጎደጎደው ቦታ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ተመልሶ ሞላ።

«ተነሥቷል» አለች።

ቢላዋውን ራሷ አንሥታ ዳሩን ቆረጠች። እጄን ዘረጋሁ። እርሷ ግን ዳሩን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ወደ ጎን አኖረችው።

«ይሄ የዳቦ ጋጋሪው ነው። ነገ ትወስድለታለህ። ያችንም ሴትዮ አቅምሳት፤ ከሰልፉ ውስጥ ካለች።»

«ይገባል» አልሁ፤ እጄንም ሰበሰብሁ። መቼም የሚገባኝን ነው ያገኘሁት።

ባለቤቴ አየት አደረገችኝ፤ ከዚያ ዳቦውን በጨርቁ ላይ አዞረችው። ዳቦ ሁለት ዳር እንዳለው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሌላኛውን ቆርጣ፣ ገና እየሞቀ፣ በእጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።